ደሜ ውስጥ ያለው ታይፎይዱ ነው ወይስ ትዝታው?

ጥያቄ፦ «ከ8 ወር በፊት ታይፎይድ ይዞኝ ታክሜ ድኜ ነበር። ሰሞኑን ሲያተኩሰኝ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ‹ታይፎይድ ፖዘቲቭ› ተባልኩ። ሌላ ሐኪም ሳማክር ደግሞ ‹ይሄ ምርመራ ጀርሙን አያይም፤ የሚያየው ሰውነትህ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ የድሮው ሊሆን ይችላል› አለኝ። ግራ ገባኝ። የድሮ ነገር ደም ውስጥ 8 ወር እንዴት ይቆያል? ሰውነቴስ ጀርሙን መጀመሪያ በምን አወቀው? አይቶት አያውቅ! ደግሞ መከላከያው ካለኝ ለምን ድጋሚ ይይዘኛል?»

መልስ፦

ከትኩሳቱ ልጀምር። ሁለተኛው ሐኪም ያሉት ልክ ነው። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ጀርሙን አያይም። የሚያየው ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው፣ ጀርሙ ላይ የሚለጠፍ ፕሮቲን ደምዎ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ነው። ይሄ ማለት ግን ታይፎይድ የለብዎትም ማለት አይደለም። ያ ወረቀት ብቻውን አይነግረንም ማለት ነው። ለምን እንደማይነግረን ለመረዳት መሀል ላይ ያስገቡት ጥያቄ ላይ መቆየት አለብን። እውነቱን ለመናገር እኔም የምወደው እሱን ነው። አይቶት የማያውቀውን እንዴት አወቀው?

እኔ ተማሪ እያለሁ ነገሩ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ጀርም ይገባል። ሰውነት ያየዋል፣ ይለካዋል። ከዚያ እንደ ልብስ ሰፊ በልኩ ፀረ እንግዳ አካል ይሰፋለታል። ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። ሲሰሙት ያስኬዳል። ግን ስህተት ነው።

ሰውነት ለክቶ አይሰፋም። መርካቶ ውስጥ አንድ ትልቅ የጫማ ክምር ያስቡ። ክምሩ ማንም ሳያዝ አስቀድሞ የተሠራ ነው። የሌለ ቁጥር የለም። የማንም እግር የማይገባበት ጠማማ ጫማ ሁሉ አለበት። እንግዳ እግር ሲመጣ ከክምሩ ውስጥ የሚሆነው ይፈለጋል። ከተገኘ በኋላ ነው ጫማ ሰፊው እዚህ ጠበብ፣ እዚያ ሰፋ እያደረገ የሚያስተካክለው። ታይፎይዱ ከመምጣቱ ዓመታት በፊት ታይፎይዱን የሚይዝ ሕዋስ ሰውነትዎ ውስጥ ነበር። ሥራ ፈቶ እየዞረ።

ሳይንስ ራሱ እዚህ ለመድረስ ብዙ ተሳስቷል። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1890 በርሊን ውስጥ ኤሚል ፎን ቤህሪንግ እና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ አንድ ነገር አሳዩ። የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ የተቋቋመ እንስሳ የደሙ ፈሳሽ ለሌላ እንስሳ ሲሰጥ ሁለተኛውም ይድናል። ደም ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ በዚህ ታወቀ። ከየት እንደሚመጣ ግን አልታወቀም።

ከዚያ ካርል ላንድስታይነር ነገሩን አወሳሰበው። ኤ፣ ቢ፣ ኦ የምንላቸውን የደም ዓይነቶች ያገኘው ሰው ነው። በተፈጥሮ የሌሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀመሙ ኬሚካሎችን ከፕሮቲን ጋር እያጣበቀ እንስሳትን ወጋ። እንስሳቱ ለእነዚህም ፀረ እንግዳ አካል ሠሩ። አስቡት እንግዲህ! ጥንቸሏ ቅድመ አያቷም ያላየችውን፣ ዓለም ላይ ያልነበረን ነገር ለይታ ያዘች። ታዲያ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ብሎ ማን ይገምታል? ብዙዎች ወደ ልብስ ሰፊው ሐሳብ አዘነበሉ። በኋላ ሁለት ኖቤል የተሸለመው ላይነስ ፖውሊንግ እንኳ በ1940 ፀረ እንግዳ አካሉ ጀርሙ ላይ እንደ ሊጥ ተጫጭኖ ቅርጹን ይይዛል ብሎ ጻፈ። እንዲያ ያለ ጭንቅላት ከተሳሳተ እኔና እርስዎ ብንሳሳት አያሳፍርም።

በ1957 አውስትራሊያዊው ማክፋርለን በርኔት ነገሩን ገለበጠው። እሱ ያለው ይሄ ነው፦ እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ይሠራል። ያንን ዓይነት ይዞ ነው የሚወለደው። ጀርሙ ምንም አያስተምረውም። የሚሆነውን ሕዋስ ይቀሰቅሰዋል፣ ያም ይባዛል። በቃ።

ይሄኔ ሌላ ጣጣ መጣ። ክምሩን ማን ሠራው? የሰው ልጅ ያለው 20,000 ገደማ ጂን ነው። ፀረ እንግዳ አካሎቻችን ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠር ዓይነት አላቸው። ሒሳቡ አይገጥምም። መልሱን ያመጣው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ነው፤ በ1976፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ። ያልተወለደ የአይጥ ጽንስ ዲኤንኤን ፀረ እንግዳ አካል ከሚያመርት የአይጥ ሕዋስ ዲኤንኤ ጋር አስተያየ። አንድ መሆን ነበረባቸው። አልሆኑም። አምራቹ ሕዋስ የገዛ ዲኤንኤውን ቆርጦ፣ መሀሉን ጥሎ፣ ዳርና ዳሩን ገጥሞታል። ለዚህ ሥራ በ1987 ኖቤሉን ለብቻው ወሰደ።

እንዴት እንደሚገጥም ልንገርዎ፤ ቁጥሩ ደስ ይላል። ፀረ እንግዳ አካል ቅርጹ እንደ ባላ ነው፣ ከላይ ሁለት መንታ ጫፍ ያለው። ጀርሙን የሚይዙት እነዚህ ጫፎች ናቸው። ባላው ከከባድና ከቀላል የፕሮቲን ሰንሰለቶች ይሠራል። የከባዱን ጫፍ ለመሥራት ሕዋሱ ከሦስት ክምር አንድ አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ ያነሳል። ከመጀመሪያው ከ40 ገደማ አንዱን፣ ከሁለተኛው ከ23 አንዱን፣ ከሦስተኛው ከ6 አንዱን። 40 በ23 በ6 ሲባዛ 5,520 ይሆናል። ለቀላሉ ሰንሰለት ደግሞ 320 ያህል አማራጭ አለ። ሁለቱን ያባዙ። ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ይመጣል። ገና አላለቀም። ቁራጮቹ ሲጋጠሙ መገጣጠሚያው ላይ የዲኤንኤ ፊደላት በዘፈቀደ ይጨመራሉ፣ በዘፈቀደ ይቀነሳሉ። ሌላ ቦታ ቢሆን እንዲህ ያለ ዝርክርክነት ካንሰር ያመጣል። እዚህ ግን ተፈቅዷል። ቁጥሩን ወደ ቢሊዮን የሚያወጣው እሱ ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው አጥንትዎ መቅኔ ውስጥ ነው። ይህን እያነበቡ እንኳ አላቆመም። ሕዋሶቹ ቢ ሕዋስ ይባላሉ። «ቢ» የመጣችው ከዶሮ መሆኗን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ዶሮ ጅራቷ አካባቢ ቡርሳ የምትባል ትንሽ ከረጢት አለቻት። በ1950ዎቹ ቡርሳዋ በጫጩትነቷ የወጣላት ዶሮ ፀረ እንግዳ አካል መሥራት እንደሚያቅታት ታየ። ስሙ ከእሷ ቀረ። እኛ ቡርሳ የለንም፤ በእሷ ፈንታ መቅኔ አለን።

በዘፈቀደ ሲሠራ አደጋም አለው። የራሳችንን ልብ፣ የራሳችንን መገጣጠሚያ የሚይዝ ሕዋስ አብሮ ይወለዳል። ስለዚህ ሕዋሱ ከመቅኔ ከመውጣቱ በፊት ይፈተናል። የራስን አካል አጥብቆ ከያዘ ወይ ጫፉን እንደገና ይቀይራል፣ ወይ ይሞታል። ወንፊቱ ግን ያንጠባጥባል። አንዳንዴም ጀርሙ ራሱ ከአካላችን ጋር ይመሳሰላል። አገራችን ውስጥ ብዙ ልጆችን የሚጎዳው፣ ከቶንሲል ተነስቶ የልብ በር የሚያበላሸው ሕመም እንዲህ ነው የሚመጣው። ባክቴሪያውን ለመያዝ የተነሳው መከላከያ ልቡንም ያገኘዋል።

አሁን የእርስዎን የ8 ወር በፊት ታሪክ ልተርክ። ባክቴሪያው በምግብ ወይም በውሃ ገባ። የአንጀትዎን ግድግዳ ተሻገረ። መጀመሪያ ያገኘው ክምሩን ሳይሆን ዘበኛውን ነው። ዘበኛ የሰው ስም አያውቅም። የግቢው ሰው እንዳልሆነ ግን በአለባበሱ ይለያል። የታይፎይድ ባክቴሪያ ላዩ ላይ የእኛ ሕዋስ የማይሠራው ከስብና ከስኳር የተያያዘ ሽፋን አለው። ነጭ የደም ሕዋሶቻችን እሱን የሚነካ ተቀባይ ከእናት አባት በውርስ ይዘው ይወለዳሉ። ሲነኩት ይጮኻሉ። ያ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ብዙው የባክቴሪያው ሥራ አይደለም፤ የራስዎ ዘበኞች ጩኸት ነው።

ከዘበኞቹ አንዱ ዓይነት ግን ጮኾ ብቻ አይቀርም። ከጠላቱ ላይ ቁራጭ ይዞ ወደ ዕጢዎች ይሮጣል። ንፍፊት ወጣብኝ ሲባል ሰምተዋል። ዕጢው ሁልጊዜም አለ። የምናየው እብጠቱን ነው፤ ያበጠው ደግሞ ውስጡ ሥራ ስለበዛ ነው። ቢ ሕዋሶች በእነዚህ ዕጢዎችና በጣፊያ በኩል ይዘዋወራሉ። እያንዳንዱ ላዩ ላይ የራሱን አንድ ዓይነት ባላ ተክሎ። አብዛኞቹ የመጣውን ቁራጭ ነክተው ያልፋሉ። አይሆናቸውም። ከብዙ መቶ ሺዎች አንዱ ግን ይገጥመዋል።

ወዲያው ወደ ሥራ ይገባል? አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። የባንክ ካዝና በሁለት ሰው ቁልፍ እንደሚከፈተው ሁሉ እዚህም ሁለተኛ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ሰጪው ቲ ሕዋስ ነው፤ ደረት ውስጥ ከልብ በላይ ባለች ታይመስ በምትባል ዕጢ ተፈትኖ ያለፈ። ቢ ሕዋሱ የያዘውን ቆራርጦ ለቲ ሕዋሱ ያሳየዋል። እሱም በበኩሉ እንግዳ ነው ካለ ይፈቅዳል። ይሄ መዘግየት የሚያናድድ ይመስላል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ በራሳችን አካል ላይ እንዳይሳሳቱ የተቀመጠ ነው።

ከፈቃዱ በኋላ አንዱ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ይባዛል። የጫማ ሰፊው ሥራ እዚህ ይጀምራል። ሲባዙ የባላው ጫፍ ዲኤንኤ ላይ ሆን ተብሎ ስህተት ይፈጠራል፤ ሌላው ዲኤንኤ ላይ ከሚከሰተው ሚሊዮን ጊዜ ያህል በፈጠነ መጠን። አብዛኛው ስህተት ያበላሻል። የተበላሸው ሕዋስ ይሞታል። ጥቂቱ አያያዙን ያጠነክራል። የጠነከረው ያሸንፋል፣ ይባዛል፣ ደግሞ ይሳሳታል። ሳምንታት እንዲህ ካለፈ በኋላ የሚወጣው ፀረ እንግዳ አካል መጀመሪያ ከነበረው እጅግ አጥብቆ ይይዛል። ይሄንን ነገር 100 ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ አሁንም ይገርመኛል።

መጀመሪያ ደም ውስጥ የሚታየው አይጂኤም የሚባለው ነው። አምስት ባላ በአንድ ላይ ታስሮ ማለት ነው። አያያዙ ገና ለስለስ ያለ ነው፤ ግን ብዙ እጅ አለው። ቆይቶ አይጂጂ ይመጣል፣ ነጠላ ግን ጠንካራ። ዋና አምራቾቹ ፕላዝማ ሕዋስ ይባላሉ። አንዱ ብቻውን በሰከንድ ሺዎችን ያመርታል። የሚገርመው ባላው ራሱ ጀርሙን አይገድልም ማለት ይቻላል። ይለጠፍበታል፣ እጅ እግሩን ይይዘዋል፣ ለሚበሉት ሕዋሶች ምልክት ይሆናል። የቀረው የሌሎች ሥራ ነው።

እንግዲህ «8 ወር እንዴት ይቆያል» ወዳሉት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር አለ። ያው የድሮው ፕሮቲን አይደለም የቆየው። አንድ አይጂጂ ደም ውስጥ ግማሹ በ3 ሳምንት ገደማ ያልቃል። በ8 ወር የድሮው ተሟጦ ሄዷል። ዛሬ ደምዎ ውስጥ ያለው አብዛኛው ባለፉት ጥቂት ወራት የተሠራ ነው። ጀርሙ ቢጠፋም አንዳንድ ፕላዝማ ሕዋሶች መቅኔ ውስጥ ገብተው ለዓመታት ምርቱን አያቆሙም። ከእነሱ ጎን ደግሞ ዝም ብለው የሚጠብቁ የማስታወሻ ሕዋሶች አሉ። ጀርሙ ከተመለሰ በሳምንታት ፈንታ በቀናት ይነሳሉ።

ትዝታው ምን ያህል ዕድሜ አለው? በሰሜን አትላንቲክ ፋሮ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። በ1781 ኩፍኝ ገባባቸው፣ ከዚያ 65 ዓመት ጠፋ። በ1846 ተመለሰ። ከ7,800 ገደማ ነዋሪ 6,000 ያህሉን አሳመመ። ፔተር ፓኑም የተባለ ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ተልኮ ሄደ። በልጅነታቸው፣ በ1781 ኩፍኝ የያዛቸው ሽማግሌዎች አንዳቸውም ድጋሚ እንዳልታመሙ መዘገበ። ከ65 ዓመት በኋላ! ስለ ፕላዝማ ሕዋስ ማንም ባልሰማበት ዘመን።

ታዲያ ታይፎይድ ለምን እንደ ኩፍኝ አይሆንም? ሦስተኛው ጥያቄዎ ነው፤ መልሱ አጭር ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያ ይደበቃል። የሚበሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ውስጥ ገብቶ እዚያው ይኖራል። ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ደም ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ ሕዋስ ውስጥ አይገባም። እዚያ የሚያስፈልገው የቲ ሕዋሶች ሥራ ነው። በዚያ ላይ የተበከለው ምግብ ወይም ውሃ ብዙ ባክቴሪያ ከያዘ የነበረው መከላከያ ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ድጋሚ ሊታመም ይችላል። ፀረ እንግዳ አካል መኖሩ ብቻውን ደህና ነህ አያሰኝም። ታመሃልም አያሰኝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ዊዳል ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል ነው፤ በ1896። አሠራሩ ቀላል ነው። የሞቱ የታይፎይድ ባክቴሪያዎች ቀለም ተነክረው በጠርሙስ ይመጣሉ። ከደምዎ ፈሳሽ ጠብታ ስላይድ ላይ እናደርጋለን፣ ከጠርሙሱ ጠብታ እንጨምራለን፣ እናነቃንቃለን። ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ ባላዎቹ በሁለት ጫፋቸው ሁለት ሁለት ባክቴሪያ ይይዙና ፈሳሹ እንደ ረጋ ወተት ይጓጉላል። «ኦ» የሚለው የባክቴሪያውን ሽፋን፣ «ኤች» የሚለው ጅራቱን የሚይዘውን ነው። የኤቹ በተለይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንዱን አይተናል፤ የድሮ ትዝታም ያጓጉላል። ሁለተኛው ባላው የሚያውቀው ሰውን ሳይሆን ፊትን መሆኑ ነው። ተመሳሳይ ፊት ካለ ሌላውንም ይይዛል። የታይፎይድ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ሳልሞኔላዎች ሊያጓጉሉ ይችላሉ። ወባ የያዘው ሰው ላይም ታይፎይድ ሳይኖር «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል።

የመመሳሰልን ነገር ካነሳን፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብህ» ሲባል የሰማ ሁሉ ይሄን ይወቅ። በስም ይቀራረባሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ወረርሽኝ የሚያስነሳው ታይፈስ በቅማል ነው የሚተላለፈው። ዌል ፌሊክስ የሚባለው የቆየው የታይፈስ ምርመራ ደግሞ የታይፈስን ጀርም ጨርሶ አይጠቀምም። ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው፤ በአጋጣሚ ሽፋናቸው ስለሚመሳሰል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌላ መንገድ ሲጠፋ የተገኘ ብልሃት ነው። ለጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ በአንድ ጠብታ ሁለት በሽታ አንድ ላይ «ሲገኝ» ግን መጠርጠር ያለበት ምርመራው ነው። የእኔ አስተያየት ይሄ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አይስማሙም።

ፀረ እንግዳ አካልና ጀርም አንድ እንዳልሆኑ ከሁሉ ግልጽ የሚያደርገው የሕፃናት ጉዳይ ነው። እናት አይጂጂዋን በእንግዴ ልጅ በኩል ለጽንሱ ታካፍላለች። ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ቫይረሱ ባይተላለፍበት እንኳ በተለመደው የኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል፤ የሚታየው የእናቱ ስለሆነ። እስኪጠፋ እስከ 18 ወር ይወስዳል። ለዚህ ነው ከሕፃናት ተረከዝ ደም በወረቀት ተወስዶ ራሱ ቫይረሱ የሚፈለገው።

ለታይፎይድም ራሱን ጀርሙን የሚፈልግ ምርመራ አለ። የደም ካልቸር ይባላል፤ ደሙ ውስጥ ጀርም ካለ እንዲበቅል ተደርጎ ይታያል። ጥቂት ቀናት ይወስዳል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም። እሱም ከታመሙት ግማሽ ያህሉን ሊያመልጠው ይችላል። ከበቀለ ግን አለ ማለት ነው፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራም ይነግራል። ደሙ መወሰድ ያለበት አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። ካልቸር ከሌለ ዊዳልን ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ማድረግ ከአንድ ጊዜው ይሻላል። ወረቀቱ ላይ 1፡80፣ 1፡160 የሚል ቁጥር አለ፤ የደሙ ፈሳሽ ስንት እጥፍ ቀጥኖም እንደሚያጓጉል ነው የሚያሳየው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ4 እጥፍ ካደገ አዲስ ነገር አለ። ባለበት ከቆመ የድሮው መሆኑ ያመዝናል። ስለዚህ የአሁኑን ወረቀት አይጣሉት፤ የ8 ወር በፊቱንም ካለ አብረው ይያዙት።

መድኃኒት ጀምረው ከሆነ በእኔ ጽሑፍ ተነስተው አያቋርጡ። ካልጀመሩና ትኩሳቱ አሁንም ካለ ግን ነገ ጠዋት ይሂዱ። ወባ ያለበት አካባቢ ሰንብተው ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። ሆድዎን አጥብቆ ካመመዎት፣ ሰገራዎ ከጠቆረ ወይም ደም ካለበት፣ ወይም መቀባዠር ካለ ነገን አይጠብቁ።